የአባባ ኮት በአደባባይ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለወንዳወቅ ተስፋው፤ አዲስ አበባ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ ስትስል ሰምቼህ አሳስበኸኛልና ሳሉ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሃል? ባለቤትህ አመተ ማርያምስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ቆማ መሄድ ጀመረች ወይስ ገና በዳዴ ላይ ናት? የአዲስ አበባ ክረምት ብርዱ ይከፋል ይላሉ፤ የላክንልህ ጋቢ ደረሰህ? እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና በአካል ደህና ነን። በሰቆጣ ዙሪያ ዘንድሮ ዝናቡ አላስቀየመንም፣ ጤፉ በቅሎ አረም ተጀምሯል፤ ከሰሃላ የመጡ ሰዎች ግን እነሱ ገና ሰማይ ሰማይ እያዩ እንደሆነ ነግረውናል። እማዬን ጉልበቷን ይዟታል። ያው እንደምታውቃት ነው፤ ሐኪም ቤት ሂጂ ስትባል ጠበል ይሻለኛል ትላለች፣ ጠበል ሂጂ ስትባል ደግሞ ደህና ነኝ ትላለች። በአካል ደህና ነን ያልኩህ አውቄ ነው።

ሰላምታዬ ሳያልቅ ቁጣዬ እንዳይቀድመኝ እየታገልኩ ነው የምጽፍልህ። ብደውልልህ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ስልክ ቤቱ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ነው የሚቆመው፣ የእኛ ቤት ደግሞ ዘንድሮ ለከተማው ወሬ የሚበቃውን ያህል አዋጥቷል። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። መሃል ላይ ብትናደድ እንኳ አታቋርጠው፤ እኔም እየተናደድኩ ነው የጻፍኩት።

ሰኔ ላይ የደወልክልን ቀን ትዝ ይልሃል? የአባባ ፎቶዎች አዲስ አበባ ውስጥ በኤግዚቢሽን ተሰቅለው ሰው ጉድ እያለ መሆኑን ስትነግረን እማዬ ስልክ ቤቱ ውስጥ እልል ብላ ሰው አስደነገጠች። አባባ ግን አልሳቁም። ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ «የትኞቹን ነው የሰቀላችሁት?» ብለው ጠየቁህ፤ አንተም «ምርጥ ምርጦቹን» ብለህ መለስክላቸው። በዚያ መልስ ሁላችንም ጠገብን። አባባ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ምርጦቼ ያሏቸውን እያሰቡ ነበር የሚሄዱት። የመሪጌታን የድጓ ምረቃ፣ የአዲሱን ድልድይ ምርቃት፣ በጃንጥላ ሥር በበቅሎ የመጣችውን ሙሽራ ሰቅለውት ይሆናል እያሉ ተራ በተራ ነገሩኝ። ኮቱ በሐሳባቸው አልመጣም።

ስለ ኮቱ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። ግን እዚያ ሲወራ የሰማኸው ኮትና እዚህ በር ጀርባ ተንጠልጥሎ የኖረው ኮት የተምታታብህ መስሎኛልና ላስታውስህ። ኮቱ የአባባ የሠርግ ኮት ነው። አባባ በ1984 ፎቶ ቤቱን ሲከፍቱ ከገጠር የሚመጣው ሰው በጋቢና በቁምጣ ነበር የሚመጣው፤ ፎቶ የሚነሳው ደግሞ ምናልባት በዕድሜው አንዴ ነው። ያቺ አንዲት ፎቶ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች፣ ልጅ ሲዳር አማቾች ያዩዋታል፣ ሰውየው ሲሞትም ልቅሶው ላይ ደረት ላይ ታቅፋ የምትለቀሰው እሷው ናት። ስለዚህ አባባ ማንም ሳይጠይቃቸው ኮቱን ከምስማሩ አውርደው ያለብሱ ነበር። ቀጭን ሰው ከሆነ እማዬ ከኋላው ቆማ ትርፉን በመርፌ ቁልፍ ትሰበስብለታለች፤ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ሳይቆለፍ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይነሳል። ከፊት ሲታይ ሁሉም በልኩ የተሰፋለት ይመስላል። ሁለተኛው ቁልፍ ወልቆ ጠፍቶ እማዬ ከቀሚሷ ፈትታ የተከለችው ነጣ ያለ ቁልፍ ነበረ፤ ያንንም ያየው አልነበረም።

ኮቱ የፎቶ ቤቱ መሆኑን የማያውቅ ሰው ነበር ልልህ አይደለም። ያልተነሳበት ማን አለና! ግን ማንም አይናገረውም ነበር። ሰው ቤት ገብተህ የባለቤቱን ፎቶ ስታይ «እንዴት ያለ ኮት ነው!» ትላለህ እንጂ «የተስፋው ኮት አይደለም እንዴ?» አትልም። እንዲህ ተከባብረን ስንት ዓመት ኖርን። ፎቶውም ለየብቻው ወደየቤቱ ስለሚሄድ እርስ በርሱ ተያይቶ አያውቅም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው እንግዲህ አንድ ነጋዴ ከወልድያ አውቶብስ ላይ ጋዜጣ ይዞ የወረደው። በገጹ ሙሉ ያ የሰቀላችሁት ረድፍ አለ። ሃያ ያህል ወንዶች ጎን ለጎን፣ ሁሉም በአንድ ኮት፣ ሁሉም ከዚያው የአበባ ሥዕል ካለበት መጋረጃ ፊት። ያ ነጣ ያለ ቁልፍ ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር ተሰልፎ ዓይን ይወጋል። ስም የለም፤ ከሥራቸው «ወንድ፣ ሰቆጣ» ብቻ ነው የሚለው። ከላይ ደግሞ በትልቁ «ድህነትን በአንድ ኮት ያጋለጠው ባለካሜራ» ተብሎ ተጽፏል። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ «እኔ ሸፈንኩ እንጂ መቼ አጋለጥኩ?» አሉ። ራት ላይም እንጀራውን እንደያዙ ያንኑ መልሰው ጠየቁ፤ መልስ የምንሰጣቸው እኛ የሆንን ይመስል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማው ያወራውን እኛ የሰማነው በመጨረሻ ነው። የሟቹ የደግሰው ባለቤት እትዬ ይመኙሻል ወፍጮ ቤት እህል ለማስፈጨት ወረፋ ይዘው ሳለ አንዷ «የባልሽ ኮት ስንት ባል አለው?» ብላ ሰው ፊት አሳቀችባቸው። ጋሽ ደግሰው ከረድፉ መሃል ላይ ናቸው፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ጺማቸውን ተላጭተው። ልቅሷቸው ዕለት ታቅፋ የተለቀሰችው ፎቶ ያቺ ናት። እትዬ ይመኙሻል ልጆቻቸውን ያሳደጉት አባታችሁ ማር ሸጦ የገዛው ኮት ነው እያሉ ነበር። ትልቁ ልጅ ጋዜጣውን አይቶ እናቱን ምንም አልጠየቃቸውም አሉ፤ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዶ በጀርባው ዘቅዝቆ አስቀመጠው።

ከዚያ ወዲያ ሰው ወደ ፎቶ ቤቱ የሚመጣው ለመነሳት አልሆነም። «ፊልሜን መልስልኝ» ሊል ነው የሚመጣው። አባባ ምን ይመልሱ? የነጋቲቩን የቆርቆሮ ሳጥን ለፋሲካ መጥተህ ስትመለስ ተሸክመህ የሄድከው አንተ ነህ። «እዚህ የለም፣ ልጄ ጋ ነው» ሲሏቸው ሰው «ሸጦታል» ብሎ ወጣ። አስበው፤ አባባን «ሸጠ» አሏቸው! ሐምሌ አጋማሽ ላይ ካሜራውን በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱና ፎቶ ቤቱን ዘጉ። እኔ ብቻዬን ጉርድ ፎቶ እያነሳሁ ልቆይ ብላቸው፣ «ማን ነው ፊትሽ የሚቆመው?» አሉኝ። ወንዳወቅ፣ አባባን ታመው አይቻቸው አውቃለሁ፣ ተርበውም አይቻቸው አውቃለሁ፤ እንዲህ አንገታቸውን ደፍተው ግን አይቼ አላውቅም።

በዚህ መሃል ነው ያቺ የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ መስከረም ፎቶዎቹን በእንጨት ሣጥን አሽጋ ለሻደይ በዓል የመጣችው። የበዓሉ አስተባባሪዎች ኤግዚቢሽኑ በባለቤቱ አገርም ይታይ ብለው ጋብዘዋት ነበር። ስትመጣ እንዴት ጠብቄያት እንደነበር ብነግርህ ታፍርብኛለህ፤ ያዘጋጀሁላት ንግግር ነበረኝ። ግን ክፉ ሰው አይደለችም። ቤታችን ገብታ ከእኛ ጋር ሽሮ በላች፣ የእማዬን ጉልበት አሸችላት፤ አባባን «ጋሽ ተስፋው» እያለች በአንቱታ ነው የምታናግራቸው።

አባባ ረድፉ እንዳይሰቀል ለመኗት። እሷ ደግሞ ፎቶዎቹን ወለሉ ላይ ዘረጋችና ለምን እንዲያ እንዳደረገች አስረዳች። ሠርጉና ምረቃው የትም ፎቶ ቤት እንዳለ፣ ብቻውን ቢሰቀል ሰው አይቶት እንደሚያልፍ፣ እነዚህ ሲደረደሩ ግን ጋሽ ተስፋው ማን እንደሆኑ እንደሚታይ ነገረቻቸው። አባባ ማን ነኝ ብለው ጠየቋት። ሰውን ሁሉ እኩል ያለበሱ ሰው ነዎት አለቻቸው። ጋዜጣው እንደዚያ አላለም አሏት። ጋዜጣውን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም አለች። «የደረደርሽው ግን አንቺ ነሽ» አሏት። አልዋሽህም ወንድሜ፣ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሳየው ያምራል። ሁሉም ቀና ብለው ሲመለከቱኝ ኮቱን የሚያለብሱት የአባባ እጆች ጭምር የሚታዩኝ መሰለኝ። ግን አባባን የማያውቅ ሰው የአባባን እጅ ከየት ያየዋል? ኮቱን ብቻ ነው የሚያየው። ይህንን ለመስከረም ሳልነግራት ቀረሁ።

ነገሩ ሲካረር መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ሽምግልና ገቡ። እሳቸውም ገና ደብተራ ሳሉ የተነሱት ከረድፉ ውስጥ አለ። እኔን ስቀሉኝ፣ ሳቅ አይገድለኝም አሉ፤ በሕይወት ያለው ሁሉ ግን ይጠየቅ፣ ስለ ሟቹ ደግሞ ባለቤቱ ትጠየቅ ብለው ፈረዱ። እኔና መስከረም ጭቃውን እያቦካን ቤት ለቤት ዞርን። አንዳንዱ ይሁን አለ፣ አንዳንዱ እምቢ አለ፤ እምቢ ያሉትን ከረድፉ አወጣናቸው። እትዬ ይመኙሻል ግን በር አልከፈቱልንም።

በማግስቱ ራሳቸው መጡ። እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ነው የመጡት። እማዬ ተቀመጪ ብላ ብትለምናቸው አሻፈረኝ አሉ፤ ነጠላቸውን አደግድገው መሃል ቤት ቆመው በአማርኛ ጀምረው ሲብስባቸው በአገውኛ ነው የሚናገሩት። ሙቴን ከመቃብር አውጥታችሁ መሳቂያ አደረጋችሁት፣ ልጆቼ ፊት ውሸታም አደረጋችሁኝ አሉ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ዓይናቸው የውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ላይ አረፈና ድንገት አቋረጡ። እዚያ የተሰቀለውን ታውቀዋለህ። አንደኛው የአባባ የሠርግ ፎቶ ነው፣ ኮቱ ገና አዲስ ሳለ፣ ሁሉም ቁልፍ ጥቁር ሆኖ። ከጎኑ ያለው ያንተ ነው፣ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ የተነሳኸው፤ በዚያው ኮት፣ ነጣ ባለው ቁልፍ።

እትዬ ይመኙሻል ሁለቱንም ተራ በተራ አዩና ድምፃቸው ወረደ። ሲጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ተስፋው፣ አንተም ለብሰኸዋል፤ ልጅህም ለብሶታል። ራስህንና ልጅህን ጓዳ አስቀምጠህ እኛን ነው አደባባይ ያወጣኸን?» አሉ።

አባባ የፎቶዎቻቸውን ዳኝነት ከጋዜጣ ነበር የሚጠብቁት፤ የመጣላቸው ግን ወፍጮ ቤት ከተሳቀባቸው ሴት ሆነ። ተነሱ፣ በርጩማውን ስበው ወጡበትና የራሳቸውን ፎቶ ከግድግዳው አወረዱ። አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉት። «እውነትሽን ነው ይመኙሻል። ከረድፉ ፊት እኔ እቆማለሁ» አሉ። እትዬ ይመኙሻልም «ስትቆም አይሃለሁ» ብለው ወጡ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፣ አትስቀሉትም አላሉም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እትዬ ይመኙሻል ከወጡ በኋላ መስከረም ከግድግዳው ፊት ቆማ ያንተን ፎቶ ታይ ጀመር። በክፋት አልተናገረችውም፣ ገርሟት ነው። የዚህ ፎቶ ነጋቲቭ ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም አለች። ከዚያ ቀጥላ ሳጥኑን ስትሰጣት ኮት የለበሱትን ለብቻ ለይተህ በወረቀት ጠቅልለህ እንደሰጠሃት፣ የኮቱን ታሪክ የነገርካትም አንተ እንደሆንክ፣ ረድፉን ያሰበችው ከዚያ ወዲያ እንደሆነ ነገረችን። ሁላችንም ሰማን። እማዬ «ምናልባት ወድቆበት ይሆናል» አለች።

ወንዳወቅ፣ እኔ ከአንድ ወር በላይ የዚያችን ሴት ምርጫ ስረግም ነበር የከረምኩት። ለካስ መራጩ አንተ ነበርክ። የእነ ደግሰውን ስታወጣ የራስህን ያስቀረህበትን ሰዓት እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ያን ፎቶ ስትነሳ እኮ እኔም ነበርኩ። ቀጭን ስለነበርክ እማዬ ከኋላህ መርፌ ቁልፍ ስታደርግ ወጋህና «እማዬ ወጋሽኝ» ስትል ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሳቅኩብህ፤ አባባም ተቆጡኝ። ያንን ያህል የሚያሳፍር ነገር ነበረው? ወይስ እዚያ ያሉት ወዳጆችህ ረድፉን አይተው ሲራሩ፣ አንተም ከሚራሩት ጋር መቆም ፈልገህ ነው? በጣም ነው ያዘንኩብህ። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን ብጽፍልህ ውሸት ይሆንብኝ ነበር።

መስከረም የአባባን ፎቶ ከፊት መስቀሉን መጀመሪያ አልወደደችውም። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ዳሩ ደብዝዟል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያነሱት እርስዎ አይደሉምና በእርስዎ ኤግዚቢሽን ላይ እንዴት ይሆናል አለች። አባባ «ፎቶውን እኔ አላነሳሁትም፣ ኮቱ ግን የኔ ነው» አሏት። ብዙ ካሰበች በኋላ በበዓሉ አዳራሽ የሰቀለቻቸውን ሁሉ ከምስማራቸው አውርዳ እንደገና ደረደረች። ደግሞም በሥራዋ ኮርታ እንዳልደረቀች ልመስክርላት፤ የአባባን ከፊት አድርጋ ወደ በሩ ሄደችና ከሩቅ አየችው፣ ተመልሳ መጥታም «ወንድ፣ ሰቆጣ» የሚለውን ወረቀት ሁሉ ራሷ ላጠችው። በምትኩ ስማቸውንና አገራቸውን እኔ ጻፍኩ። ከረድፉ መጨረሻ አንድ ምስማር መታሁና ያንተን ከቤት አምጥቼ ልሰቅል ስል አባባ እጄን ያዙኝ። «ፈቃዱን ሳልጠይቅ ከእንግዲህ ማንንም አልሰቅልም፤ ልጄም ቢሆን» አሉ። ምስማሩ ባዶውን ቀረ።

የሻደይ ዕለት ልጃገረዶቹ የሻደዩን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከአዳራሹ ደጅ ሲጨፍሩ ውስጡ ልቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ሰው ዝናብ አርሶት ይገባል፣ ጋቢውን ያራግፋል፣ ራቅ ብሎ ይቆማል። አባባ የጥምቀት ልብሳቸውን ለብሰው ከራሳቸው ፎቶ ሥር ቆመዋል። አንድ ሰው ቢስቅ አለቀልን እያልኩ ነበር።

እትዬ ይመኙሻል ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን አስከትለው ገቡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። መጀመሪያ አባባ ፊት ቆመው ፎቶውንና ሰውየውን አስተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ እያዩ ወረዱ፤ ስሙን ትልቁ ልጅ እያነበበላቸው። ባላቸው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እስክንደክም ቆሙ። በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው ያን ነጣ ያለ ቁልፍ በጣታቸው ነኩትና፣ ለልጆቻቸውም ለአዳራሹም እንዲሰማ፣ «ያማረው ግን ለደግሰው ነው» አሉ።

መሪጌታ ከወዲያ ማዶ «እኔስ ምን ጎደለኝ?» አሉ። አንቱማ ትከሻዎ ጠቦበታል አሏቸው እትዬ ይመኙሻል። ያኔ ሰው ሳቀ፤ የፈራሁት ሳቅ ግን አልነበረም። አንዱ አጎቴ ይበልጣል ይላል፣ ሌላው የኔ አባት ቁመናውን እዩት ይላል፣ አንዲት ባልቴት ደግሞ እሱ ኮቱ ውስጥ አልገባም፣ ኮቱ ነው እሱ ውስጥ የገባው እያሉ ወንድማቸውን ያሙታል። ያው ፎቶ፣ ያው ኮት፣ ያው ቁልፍ ነው። ከፊት አባባ ስለቆሙና ከሥር ስም ስላለ ብቻ ሰው ፊቱን ማየት ጀመረ። መስከረም ጥግ ይዛ ታለቅስ ነበር። ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ፤ ጥላቻ የለኝም።

ሁሉ ነገር ሰመረ ብዬ እንዳላታልልህ። እምቢ ካሉት ውስጥ አሁንም ሰላም የማይሉን አሉ፤ የደግሰው ፎቶም ወደ ግድግዳው ይመለስ አይመለስ አልሰማሁም። ዕለቱንም ቢሆን እትዬ ይመኙሻል ሊወጡ ሲሉ ከረድፉ መጨረሻ ባዶውን ምስማር አዩትና ይህስ የማን ነው ብለው ጠየቁ። አባባ «የልጄ ነው። መልሱን እየጠበቅን ነው» ብለው ሰው ሁሉ እየሰማ መለሱላቸው። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ስወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ ወፍጮ ቤት ስሄድ፣ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ወንዳወቅ መለሰ ወይ?

ፎቶ ቤቱ እንደተዘጋ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ አባባ ይከፍቱታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሰዉም መጠየቅ ጀምሯል። ትናንት ቁልፉን አምጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። መልሰው ሰጡኝ። «ልጄ የሚያፍርበትን ኮት ለሰው ልጅ አላለብስም» አሉኝ። ይህን የምጽፍልህ እሳቸው ጻፊለት ብለውኝ አይደለም። ቢያውቁ ይከለክሉኝ ነበር።

ኤግዚቢሽኑ እስከ መስቀል እዚህ ይቆያል፤ ከዚያ መስከረም መጥታ ወደ ባሕር ማዶ ትወስደዋለች። አሁን ባለው አደራደር እንደምትወስደው ለአባባ ቃል ገብታለች። የነጋቲቩን ሳጥን መጀመሪያ በሚመጣ ሰው ላክልን፤ ፊልማቸውን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ያንተን ነጋቲቭ የት እንዳደረግከው ግን አልጠይቅህም። ፎቶው ከቤታችን ግድግዳ ላይ አለ።

እማዬ ጉንጩን ሳሚልኝ ብላለች፤ አልተቆጣችህም፣ ዓይኗ ግን አውቶብሱ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ኮቱን አጥባ በጥላ አድርቃ በር ጀርባ መልሳዋለች። አባባ ስምህ ሲነሳ ደህና ይሁንልኝ ከማለት ሌላ አልጨመሩም። መሪጌታ በጸሎታቸው ያስቡሃል። እትዬ ይመኙሻልም፣ ደብዳቤ መጻፌን ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ሰላም በይልኝ ብለዋል። አመተ ማርያምን አንገቷን፣ ትንሿን ዓይኗን ሳምልኝ፤ ስታድግ የአባቷን የወጣትነት ፎቶ የት እንደምታየው እስኪ አስብበት።

ምስማሩን አልነቀልኩትም።

እህትህ ጥሩሐረግ ተስፋው

ሰቆጣ፣ ነሐሴ 26 ቀን 1999 ዓ.ም.